በመድኃኒት ዕፅዋት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና አንቲኦክሲደንታቸው

ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ታሽቶ ይጨመቅለታል። ሲሻለው ምስጋናው ሁሉ ለቅጠሉ ነው። ተክል ግን ብቻውን አይኖርም። በሥሩ፣ በግንዱና በቅጠሉ ውስጥ ባክቴሪያና ፈንገስ ተጠልለው ይኖራሉ፤ ተክሉንም አያሳምሙትም። ኢንዶፋይት ይባላሉ። ስያሜው የጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ የአንቶን ደ ባሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1866።

ተክል ድርቅ ሲመታው ወይም ጀርም ሲያጠቃው ፍሪ ራዲካልና መሰል አደገኛ የኦክስጅን ውህዶች ይበዙበታል። ጦሱ ለተከራዩም ይተርፋል። ስለዚህ ባክቴሪያው እነሱን የሚያከሽፍ መከላከያ፣ ማለትም አንቲኦክሲደንት፣ ያበጃል፦ እንደ ካታሌዝ ያሉ ኢንዛይሞች፣ ቀለማማ ካሮቲኖይዶች፣ ፌኖሎች፣ ዝልግልግ የስኳር ሽፋን። ጁስ ቤት አቮካዶው እንዳይጠቁር ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ያየ ሰው የአንቲኦክሲደንትን ሥራ በከፊል አይቷል።

ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው ቻይና ነው። ባይቡ የሚባለው ተክል ሥር እዚያ ከጥንት ጀምሮ የሳል መድኃኒት ነው። ተመራማሪዎች ከዚሁ ሥር ፔኒባሲለስ ፖሊሚክሳ የተባለ ባክቴሪያ አወጡ፤ ዝርያውን ኢጄኤስ-3 አሉት። የሚያመነጨው ረጅም የስኳር ሰንሰለት በላብራቶሪ ፍሪ ራዲካሎችን ሲያከሽፍ ታይቷል።

አወጣጡ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥሩ በ70 በመቶ አልኮል፣ ቀጥሎ በበረኪና ይታጠባል፤ ከዚያ ጀርም በሌለው ውኃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። የመጨረሻው እጣቢ ራሱ ጀርም ማብቀያ ሳህን ላይ ይደረጋል። ምንም ካልበቀለ፣ ሥሩ ተፈጭቶ የሚበቅለው ባክቴሪያ የውስጥ ነው ማለት ነው። ይህችን ፍተሻ እወዳታለሁ፤ ያለ እሷ የአፈሩን ጀርም የተክሉ ነው ማለት ቀላል ነው።

ከዚያ ዲፒፒኤች የሚባል ሐምራዊ ፈሳሽ ይመጣል። አንቲኦክሲደንት ሲገባበት ወደ ቢጫ ይለወጣል። ለውጡ በ517 ናኖሜትር ብርሃን ይለካል፣ ከቫይታሚን ሲ ጋርም ይነጻጸራል። ታዲያ ቱቦ ውስጥ ቀለም ቀየረ ማለት ሰው ፈወሰ ማለት አይደለም። ጨጓራ አለ፣ ጉበት አለ፣ መርዛማነቱም ገና ይፈተሻል። እዚህ ላይ ብዙ ማስታወቂያ ይዋሻል።

የባክቴሪያው ጥቅም ሌላ ነው። ለሥሩ ሲባል ተክል ይነቀላል፤ ባክቴሪያ ግን በስኳር ውኃ በጋን ይራባል። ችግሩ፣ አንዳንዱ ከተክሉ ወጥቶ በላብራቶሪ ሲቆይ ውህዱን ማምረት ይቀንሳል። ከተክሉ ይደርሰው የነበረው ምልክት ስለሚቀርበት ሳይሆን አይቀርም።