አሴቶሲሪንጎን ምንድን ነው?

አሴቶሲሪንጎን የቆሰለ ተክል ከቁስሉ የሚለቀው ትንሽ የፌኖል ሞለኪውል ነው። ተክሉ ቁስሉን ሲጠግን ከሚያመርታቸው የሊግኒን (እንጨትን የሚያጠነክረው ንጥረ ነገር) ዘመዶች ይመደባል። አፈር ውስጥ ለሚኖረው አግሮባክቴሪየም ቱመፋሸንስ ግን የጥቃት ጥሪ ነው። ይህ ባክቴሪያ በጽጌረዳ፣ በወይንና በኮክ ግንድ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ አፈሩ አጠገብ፣ ሻካራ ዕጢ ያበቅላል። ጥሪው አሴቶሲሪንጎን መሆኑ የታወቀው በ1985 እ.ኤ.አ. በቆሰለ ትምባሆ ላይ በተደረገ ምርምር ነው።

ባክቴሪያው ዕጢ የሚያወጣው ከራሱ ዲኤንኤ ቁራጭ ቆርጦ ወደ ተክሉ ሕዋስ በማስገባት ነው። ቁራጩ ላይ ያሉት ጂኖች ሕዋሱ ኦክሲንና ሳይቶካይኒን የተባሉትን የእድገት ሆርሞኖች ያለ ልክ እንዲያመርት ያደርጉታል። ቁራጩን ቆርጠው የሚያሻግሩት ቪር የሚባሉ ጂኖች ናቸው። ሥራቸው ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፣ ሲነሡም የባክቴሪያው እድገት ይዘገያል። ስለዚህ የቆሰለ ተክል አጠገብ እስኪደርስ ድረስ ተዘግተው ይቆያሉ።

የሚከፍታቸው ቪርኤ የተባለው ፕሮቲን ነው። በባክቴሪያው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ተሰክቶ ከፊሉ ወደ ውጭ፣ ከፊሉ ወደ ውስጥ ያያል። ፌኖሉ ሲመጣ በራሱ አካል ላይ፣ ሂስቲዲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ከዚያም ፎስፌቱን ቪርጂ ለተባለ ሌላ ፕሮቲን ያቀብላል። ቪርጂ ፎስፌቱን እንደያዘ ዲኤንኤው ላይ፣ ከቪር ጂኖቹ መነሻ አጠገብ ይጣበቅና ሥራ ያስጀምራቸዋል።

ግን ቪርኤ በፌኖል ብቻ አያምንም። የበሰበሰ ቅጠልም ፌኖል ይለቃል፣ እዚያ ደግሞ የሚጠቃ ሕያው ሕዋስ የለም። ስለዚህ ሁለት ማረጋገጫ ይጨመራል። አንደኛው ከሕዋስ ግድግዳ የሚወጡት እንደ አራቢኖስ፣ ጋላክቶስና ግሉኮስ ያሉ ቀላል ስኳሮች ናቸው፤ ሲኤችቪኢ የተባለ ፕሮቲን ስኳሩን ይዞ ከቪርኤ ጋር ሲገጥም ቪርኤ በጣም ጥቂት ፌኖል እንኳ ይበቃዋል። ሁለተኛው አሲዳማነት ነው፤ ከቁስል የሚወጣ ፈሳሽ አሲዳማ ሲሆን ቪር ጂኖች በደንብ የሚሠሩት ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) 5.5 አካባቢ ነው። ሙቀትም አለበት። ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ቪርኤ ቅርጹን ስቶ ሥራ ያቆማል።

ተመራማሪዎች ይህን ባክቴሪያ ጂን ወደ ተክል ለማስገባት ይጠቀሙበታል፤ ላብራቶሪ ውስጥ ውድቀት ሊመጣ ከሚችልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህን መርሳት ነው። ተመራማሪው አሴቶሲሪንጎኑን ባክቴሪያው ባደገበት ኤልቢ በተባለው የባክቴሪያ ምግብ ላይ ይጨምርና ውጤት ያጣል፤ የኤልቢ ፒኤች 7 አካባቢ ስለሆነ ጥሪው ቢኖርም ሰሚ የለም። ትክክለኛው መንገድ ባክቴሪያውን በ28 ዲግሪ አሳድጎ፣ በሴንትሪፉጅ ለይቶ፣ 10 ሚሊሞላር ኤምኢኤስ (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ኬሚካል) እና 10 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድ ባለበት፣ ፒኤቹ 5.6 በተደረገ ፈሳሽ ውስጥ እንደገና መበተን ነው። ለትምባሆ ዘመዷ ለኒኮቲያና ቤንታሚያና በ600 ናኖሜትር የሚለካው ድፍርስነት 0.5 አካባቢ ቢሆን ይበቃል።

አሴቶሲሪንጎን በውሃ በደንብ አይሟሟም። 19.6 ሚሊግራም ዲኤምኤስኦ በተባለ ማሟሟ ፈሳሽ በ1 ሚሊሊትሩ ሲሟሟ 100 ሚሊሞላር ይሆናል፤ ከዚህ 100 ማይክሮሊትር በ50 ሚሊሊትር ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ 200 ማይክሮሞላር ይሰጣል። የተረፈው በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ። ከአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ተህዋስ ማምከኛ) ገና የወጣ ትኩስ ፈሳሽ ላይ አይጨመርም። ከዚያ ድብልቁ ጨለማ ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆይና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በቅጠሉ ታችኛ ገጽ በኩል ይገባል። መጠኑን እጥፍ ድርብ ማድረግ ውጤቱን እጥፍ አያደርገውም፤ ፌኖል ሲበዛ ባክቴሪያውንም ይጎዳል።

የሣር ወገን የሆኑት ሰብሎች ለዚህ ባክቴሪያ ለረጅም ጊዜ አልገራ ያሉት በከፊል ይህን ጥሪ በበቂ ስለማያሰሙ ነው። እንዲያውም በቆሎ ዲምቦአ የተባለ ቪር ጂኖችን የሚያፍን ኬሚካል አለው። በ1994 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ሩዝ በዚህ መንገድ በብዛት ሲለወጥ ባክቴሪያውና ሩዙ አብረው በሚቆዩበት ምግብ ላይ አሴቶሲሪንጎን ከውጭ ተጨምሮ ነበር። ተክሎችም ዝም ብለው አይጠቁም፦ ለመከላከያ የሚያመርቱት ሳሊሲሊክ አሲድ ቪርኤን ያዳክማል።

ለጽጌረዳ አልሚ ዋናው ነገር ቁስል ነው። ሲዳቀልም ሆነ ሲገረዝ የሚፈጠረው ትኩስ ቁስል ጥሪውን ያሰማል፤ ስለዚህ መቁረጫው ከተክል ወደ ተክል ሲሻገር በ70 በመቶ አልኮል ይጸዳል። ዕጢው አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ባክቴሪያውን መግደል አይጠቅምም። የተላለፈው ዲኤንኤ ከተክሉ ዲኤንኤ ጋር ተቀላቅሏልና ዕጢው ያለ ባክቴሪያም ማደጉን ይቀጥላል፤ ችግኙ ከነሥሩ ተነቅሎ ይቃጠላል።