«ባለሜዳ» ምንድን ነው? ኮቪድ ሜዳውን የወሰደበት ቃል

የ2013 ዓ.ም.ን የፕሪሚየር ሊግ መርሐ ግብር ዛሬ አውጥቶ የሚያይ ሰው ግር ይለዋል። ባለሜዳ ተብሎ የተጻፈው ክለብ ከሶዶ ነው፣ እንግዳው ከሐዋሳ፣ ጨዋታው ደግሞ ጅማ። ታዲያ ምኑን ነው ባለሜዳ የሆነው?

ቃሉ ራሱ ቀላል ነበር። ባለሜዳ ማለት በራሱ ከተማ፣ በራሱ ደጋፊ ፊት የሚጫወት ቡድን ነው። እንግዳው አውቶቡስ ውስጥ ሲንገላታ ውሎ ሆቴል ያድራል፤ ባለሜዳው ቤቱ ተኝቶ ይነሳል። ሜዳው የት ጋ ኳስ እንደሚያነጥር ያውቀዋል። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሺህ ሰው ይጮህበታል። አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ወይም ካታንጋ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ጩኸት አንድ ተጨማሪ ተጫዋች ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። የመጀመሪያው ታማሚ በሀገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስፖርታዊ ውድድርም ቆመ። መጀመሪያ ለ15 ቀን ነበር የተባለው። ሊጉ ሁለተኛው ዙር ገና እንደተጀመረ ነው የተቋረጠው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጭራሽ ተሰረዘ፦ ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅም የለም። ለአራት ወር ገደማ የተለፋበት ውጤት እንዳልነበረ ሆነ። ታች ላይ የነበሩት ክለቦች እፎይ ሳይሉ አልቀሩም።

ኳሱ የተመለሰው በታኅሣሥ 2013 ነው፤ ግን በሌላ መልክ። ክለቦቹ በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ መመላለሳቸው ቀረ። ሁሉም አንድ ላይ አንድ ከተማ ይገባሉ፣ ይመረመራሉ፣ ሆቴል ይቀመጣሉ፣ ጨዋታቸውን እዚያው ተጫውተው ወደ ቀጣዩ ከተማ ይሄዳሉ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። «የጅማ ቆይታ»፣ «የድሬዳዋ ቆይታ» የሚባለው የስፖርት ጋዜጠኞች አነጋገር እዚህ ጋ ነው የተለመደው። ያን ዓመት የተወዳደሩት 13 ክለቦች ነበሩ፤ በትግራዩ ጦርነት ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ አልነበሩም። ቁጥሩ ጎደሎ ስለሆነ በየሳምንቱ አንዱ ቁጭ ብሎ ያያል።

ጅማሮው ላይ መቀመጫው ባዶ ነበር። በቴሌቪዥን ያየ ያስታውሳል፤ ኳሷ ስትመታ ድምጿ ይሰማል፣ አሰልጣኙ ተከላካዩን በስሙ ጠርቶ ሲቆጣው ይሰማል። «ዝግ ስታዲየም» እኮ ድሮ ደጋፊው ለረበሸ ክለብ የሚሰጥ ቅጣት ነበር። አሁን ማንም ሳያጠፋ ሁሉም ተቀጣ።

ለእኔ ነገሩን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነው። በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያገኘው በዚያ ዓመት ነው። ዋንጫውን ያነሳው ግን ጎንደር አይደለም፣ ሐዋሳ ነው፤ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቆ። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስርም በዚያው ዓመት 29 ጎል አግብቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። ከዚያ ውስጥ ስንቱን ነው የቡና ደጋፊ በዓይኑ በብረቱ ያየው?

ወረርሽኙ ጋብ ሲል ሁሉም ወደየሜዳው ይመለሳል ብለን ነበር። አልተመለሰም። በቀጣዮቹም ዓመታት ሊጉ አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እያለ ዞረ። ለምን? አንደኛ፣ የቀጥታ ስርጭቱ ከዲኤስቲቪ ጋር የመጣው በዚያው በ2013 ነው፤ ካሜራና ሠራተኛ አንድ ቦታ ተክሎ በቀን ሁለት ጨዋታ መቅረጽ ይቀላል። ሁለተኛ፣ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ያለው ከተማ ጥቂት ነው። ሦስተኛው ብዙ የማይወራለት ነው፦ ጸጥታ። ከኮቪድ በፊትም በደጋፊዎች ግጭት ሰበብ አንዳንድ ጨዋታ «ገለልተኛ ሜዳ» ይወሰድ ነበር። ኮቪድ ያንን ለሁሉም አደረገው።

ዋጋ ግን አለው። ክለቡ ወሩን ሙሉ የሆቴል ይከፍላል። በየቀኑ ሁለቴ የሚረገጥ ሣርም መላጣ ይሆናል። ፍትሐዊነቱም ያጠያይቃል፤ ሊጉ ድሬዳዋ ሲገባ የድሬዳዋ ከተማ ክለብ የእውነት ባለሜዳ ነው፣ ሌላው ሁሉ እንግዳ።

ብሔራዊ ቡድኑም አልቀረለትም፤ የእሱ እንኳ ከኮቪድ ጋር አይያያዝም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሞቻችንን ስላገደ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ባለሜዳ ተብለን።