በሐኪም ክትትል የሚደረግ የማስታገሻ እረፍት ምንድን ነው?

ለወራት ወይም ለዓመታት የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ የቆየ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ መድኃኒቱን ለተወሰነ ጊዜ ሲያቆም ወይም ቀስ በቀስ ሲቀንስ የማስታገሻ እረፍት ወሰደ ይባላል። ዓላማው ሕመምን ጥርስ ነክሶ መቻል አይደለም። መድኃኒቱ ዛሬም ይሠራል ወይ፣ አሁን ከሚሰማው ሕመም ውስጥስ መድኃኒቱ ራሱ ያመጣው አለ ወይ የሚለውን ለማወቅ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ማስታገሻ እንዴት ሕመም ያመጣል? በራስ ምታት ላይ ግን ነገሩ በደንብ የታወቀ ነው። ማይግሬን ያለበት ሰው መጀመሪያ በወር ሁለት ሦስት ቀን ኪኒን ይወስዳል። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ይሆናል፣ ቆይቶም ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ ራሱን እያመመው ነው፤ ኪኒኑ ለጥቂት ሰዓት ያስታግስለትና ሕመሙ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የራስ ምታት ምደባ ለዚህ ልክ አስቀምጦለታል። ራስ ምታቱ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እንደ ፓራሲታሞል፣ አድቪልና ዲክሎፌናክ ያሉትን ደግሞ ከሦስት ወር በላይ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ሲወስድ ከቆየ፣ መድኃኒቱ የችግሩ አካል ሆኗል ተብሎ ይጠረጠራል። ብርቱ ማስታገሻ ለሆኑት ለትራማዶልና ለኮዴን፣ ትሪፕታን ለሚባሉት የማይግሬን መድኃኒቶችና ለቅይጥ ኪኒኖች ልኩ ዝቅ ይላል፤ በወር 10 ቀን ይበቃል። ፓራሲታሞልና ካፌይን አንድ ላይ የያዘው ፓናዶል ኤክስትራም ከቅይጦቹ ይመደባል። የሚቆጠረው ቀኑ እንጂ የኪኒኑ ብዛት አይደለም። ይህ የሚደርሰው በአብዛኛው ቀድሞውኑ ራስ ምታት በነበረበት ሰው ላይ ነው። ራሱን አሞት የማያውቅ ሰው ለጉልበቱ ወይም ለወገቡ ብሎ ዲክሎፌናክ ስለወሰደ ብቻ ራስ ምታተኛ አይሆንም። ደግሞም የሱሰኝነትም ሆነ የደካማነት ምልክት አይደለም፤ ኪኒን ያበዛው አሞት ነው፣ ይህን ለመናገር ሊያፍር አይገባም።

ፓራሲታሞልን፣ አድቪልንና ትሪፕታንን በአንድ ቀን ማቆም ይቻላል። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። ራስ ምታቱ ይብሳል፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰውየው ይቅበጠበጣል። ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 10 ቀን ይቆያል። ብቻውን የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ «ያለ ኪኒን አይሆንልኝም» ብሎ ይደመድማል። የክትትሉ ትልቁ ጥቅም ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቁ ይመስለኛል። ሐኪሙ ለማቅለሽለሹ እንደ ሜቶክሎፕራማይድ ያለ መድኃኒት ይሰጣል። ራስ ምታቱን የሚከላከል አሚትሪፕቲሊን ወይም፣ አስም ለሌለበት ሰው፣ ፕሮፕራኖሎል ሊያዝም ይችላል። እነዚህ በየቀኑ የሚወሰዱ ናቸው፤ ውጤታቸው የሚታየውም ከሳምንታት በኋላ ነው። አሚትሪፕቲሊን የታዘዘለት ሰው በወረቀቱ ላይ «ለድብርት» የሚል አንብቦ ሐኪሙ ሕመሜን አላመነኝም ብሎ ሊተወው ይችላል። ለራስ ምታትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው ግን በአነስተኛ መጠን ነው፤ የታዘዘው ለሕመሙ ነው።

እረፍቱ ብዙውን ጊዜ እስከ ሁለት ወር ይዘልቃል፤ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ስለ ውጤቱ ብዙ አይነግርም። ያመመበትንና ኪኒን የወሰደበትን ቀን በደብተር መመዝገብ ግድ ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ መንገድ ይሻለዋል። ከዚያ በኋላ ማስታገሻው ለዘላለም ይከለከላል ማለት አይደለም፣ በሳምንት ከሁለት ቀን እንዳያልፍ ይደረጋል እንጂ። ወደ ቀድሞው ልማድ የመመለስ አደጋው የሚከፋው በመጀመሪያው ዓመት ስለሆነ ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላም ይቀጥላል።

ለእኛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። እረፍቱን ከጾም መግቢያ ጋር ባያገናኙት ይሻላል። ጠዋት ቡና ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲተው ራሱን ያመዋል፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምርና ሳምንት አካባቢ ሊቆይ ይችላል። ረሃቡና የውኃ ጥሙ ሲጨመርበት የትኛው ራስ ምታት ከምን እንደመጣ መለየት አይቻልም። ሰርግ፣ ፈተና ወይም ሩቅ መንገድ ያለበት ሳምንትም እንዲሁ ነው።

ስለ ትራማዶል፣ ኮዴን፣ ሞርፊንና ኦክሲኮዶን ሲሆን ግን «እረፍት» የሚለው ቃል ሊያሳስት ይችላል። እነዚህን ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ማቆም የለበትም። ካቆመ ያዛጋዋል፣ ዕንባና ንፍጥ ይወርደዋል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያልበዋል፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ያ ሁሉ ሲሆን ሕመሙም አብሮ ይነሣል፤ በሽታው ባሰ ማለት ግን ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በድንገት እንዲያቆሙ የተደረጉ ሕመምተኞች ለከባድ ስቃይ፣ ለጭንቀትና ራስን ለማጥፋት መዳረጋቸውን ጠቅሶ አስጠንቅቋል። የዚያው አገር የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2022 ባወጣው መመሪያ ደግሞ፣ ዓመትና ከዚያ በላይ ለወሰደ ሰው በወር ከመቶ 10 ያህል ወይም ከዚያም ባነሰ ፍጥነት መቀነሱን ሰውነት በተሻለ እንደሚችለው ይገልጻል። መሀል ላይ ከከበደ ቅነሳው በቆመበት መጠን ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ይህን ያለ ልዩ ሐኪም ፈጽሞ አትጀምረው።

ከሁሉ የምፈራው ግን ማቆሙን ሳይሆን መመለሱን ነው። ሰውነት ለእነዚህ መድኃኒቶች የነበረውን መቻል በአጭር ጊዜ ያጣዋል። ከእረፍት በኋላ ሕመሙ ሲነሣበት «እንደ ድሮዬ» ብሎ የቀድሞ መጠኑን የወሰደ ሰው ትንፋሹ ሊቆም ይችላል፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ወይም አልኮል ከተጨመረበት ይብሳል። ስለዚህ የተረፈው ኪኒን ቤት አይቀመጥም፣ ወደ ፋርማሲ ይመለሳል። ቤተሰብም ይህን ማወቅ አለበት። በአሜሪካ ያላችሁ በእነዚህ መድኃኒቶች የተዘጋ ትንፋሽ የሚመልሰውን የናሎክሶን የአፍንጫ መርጫ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ መግዛት ትችላላችሁ።

ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆቻችንን ደግሞ ይህ በሌላ በኩል ያገኛቸዋል። ትራማዶል በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና በሳዑዲ ዓረቢያ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ያለ ማዘዣና ያለ ቅድመ ፈቃድ ይዞ መግባት ለእስር ይዳርጋል። ይህን ሰምቶ ከበረራው በፊት በነበረው ምሽት መጣሉም ሌላ አደጋ ነው። ትራማዶል ሲቋረጥ ከተለመደው ምልክት ሌላ አንዳንዱን ሰው ብርቱ ፍርሃትና የእጅ እግር መደንዘዝ ይይዘዋል፤ በባዕድ አገር፣ በአዲስ ሥራ የመጀመሪያ ሳምንት ይህ ከባድ ነው። ጉዞው እንደታወቀ ወራት ቀድሞ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ከማስታገሻ ጋር አብረው የሚወሰዱ፣ በራስ ፈቃድ መቋረጥ የሌለባቸውም አሉ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው በድንገት ካቆመ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ቶሎ ማምረት ስለማይችል የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ለነርቭ ሕመም የሚሰጡት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንም ቢያንስ አንድ ሳምንት በሚፈጅ ጊዜ ቀስ በቀስ እየተቀነሱ ነው የሚቆሙት። ለልብ የታዘዘች ትንሿ አስፕሪን ደግሞ ከነጭራሹ ማስታገሻ አይደለችም። በተቃራኒው አድቪልና ዲክሎፌናክ ቶሎ እረፍት የሚያስፈልጋቸው ቀን አለ፤ ትውከትና ተቅማጥ በያዘ ጊዜ፣ በተለይ ሰውየው ለግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ከሆነ፣ ኩላሊቱን ሊጎዱ ስለሚችሉ መቆም አለባቸው።

ይህ ሁሉ ግን በካንሰር የሚሠቃይን ሰው አይመለከትም። አስታማሚ ቤተሰብ «ሱስ ይሆንባታል» ብሎ ፈርቶ የእናቱን ሞርፊን ሲያዘልል፣ ወይም «ትንሽ ትረፍ» ብሎ ሲያሳድርባት ከፍቅር ነው፤ ለእሷ ግን ያ ሌሊት ስቃይ ነው። ቶሎ የሚሠራው የሚዋጥ ሞርፊን የሚሰጠው በየአራት ሰዓቱ ነው፣ ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም። ካደነዘዛት ወይም ሕመሙ ከቀነሰላት መጠኑን የሚያስተካክለው ሐኪሟ ነው። የሆድ ድርቀት ግን በሞርፊን ላይ ላለ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ስለሚመጣ፣ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ እንዲታዘዝላት ይጠይቁ።