ጢሮስ፦ ደሴት የነበረችው ከተማ

ጢሮስን በስም ሳታውቋት አትቀሩም። ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የሊባኖስ ዝግባ የላከው ኪራም የጢሮስ ንጉሥ ነበር። ዛሬ በደቡብ ሊባኖስ ያለች ከተማ ናት። ያኔ ግን ከባሕሩ ዳር 800 ሜትር ገደማ ገባ ብላ፣ ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች ደሴት ነበረች። ሰዎቿ መርከበኞች ናቸው፤ ከባሕር ቀንድ አውጣ በሚያወጡት ሐምራዊ ቀለምም ከብረዋል። የባቢሎኑ ናቡከደነፆር 13 ዓመት ከቧት ግንቧን ሰብሮ አልገባም።

ከበባ ማለት ምን መሰላችሁ? ጠላት ከተማዋን ከየአቅጣጫው ይዘጋና ምግብም ሰውም እንዳይገባ ይከለክላል። ታዲያ መርከብ የሌለው ሰው ደሴትን እንዴት አድርጎ ይከባል?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 የመቄዶንያው ንጉሥ ታላቁ እስክንድር የገጠመው ጣጣ ይኸው ነበር። ገና የ23 ዓመት ወጣት ነው። ከተማችሁ ገብቼ ቤተ መቅደሳችሁ ውስጥ መሥዋዕት ላቅርብ አላቸው፤ እነሱም ፋርስም ሆነ መቄዶናዊ እዚህ አይገባም ብለው መለሱት። ተናደደ። ከዚያ አንድ እብደት የሚመስል ነገር አሰበ፦ ባሕሩን ሞልቶ እስከ ደሴቷ መንገድ መሥራት!

በየብሱ በኩል የነበረችውን አሮጌ ጢሮስ አፈረሰና ድንጋዩን ውሃ ውስጥ አስደፋው፤ እንጨቱ ከሊባኖስ ተራሮች መጣ። ዳር ዳሩ ጥልቅ ስላልሆነ ሥራው ቀላል ነበር። ወደ ግንቡ ሲጠጉ ግን ውሃው ጠለቀ፣ ከላይም ቀስት ይዘንብ ጀመር። እስክንድር ሠራተኞቹን የሚከልሉ ሁለት ረጃጅም የእንጨት ማማዎች አቆመ። ጢሮሶች ደግሞ ምን አደረጉ፣ አንድ አሮጌ መርከብ ቅጥራንና ድኝ ሞሉበት፤ አፍንጫው ከፍ እንዲል ኋላውን በክብደት ጫኑት፤ ከዚያ እሳት ለኩሰው ከመንገዱ ጫፍ ጋር አላተሙት። ማማዎቹ ነደዱ። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ሌላው ቢቀር ብልሃታቸው ያስደንቃል።

እስክንድር አልተወም። መንገዱን አስፍቶ እንደገና ጀመረ፤ ከሲዶናና ከቆጵሮስም 200 ያህል መርከቦች መጡለት። አሁን ከበባው እውነተኛ ከበባ ሆነ። የጢሮስ ጠላቂ ዋናተኞች የመርከቦቹን የመልህቅ ገመድ ከውሃ በታች እየቆረጡ አስቸገሩ፣ እሱም ገመዱን በሰንሰለት ለወጠው። ከግንቡ ላይ በእሳት የጋለ አሸዋ ይደፋባቸው ነበር፤ አሸዋው ጥሩር ውስጥ ሲገባ ወታደሩ ልብሱን ጥሎ ከመሮጥ ሌላ ምርጫ የለውም።

በ7ኛው ወር በደቡብ በኩል ግንቡ ተሰበረ። የተከተለው ጥሩ አይደለም፤ የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ አርያን 8,000 ያህል ጢሮሳውያን ተገደሉ፣ 30,000 ያህል ሰው ለባርነት ተሸጠ ይላል። ቤተ መቅደስ የገቡት፣ ንጉሡም ጭምር፣ ምሕረት አገኙ።

መንገዱ ግን አልፈረሰም። ማዕበሉ በሁለቱም ጎን አሸዋ እያመጣ ሲከምርበት ዘመናት አለፉና ሰፊ መሬት ሆነ። ዛሬ ወደ ጢሮስ በመኪና ይገባል።