ዝርክርክ ሌቦች የሚያስቁበት የዘረፋ ፊልም ምንድን ነው?

አምስት ሰዎች ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች አንዱን ሊዘርፉ አቅደዋል እንበል። የዘበኛውን የምሳ ሰዓት ሳይቀር አጥንተዋል። አራቱ ወርቁን በቦርሳ ይዘው ሲወጡ፣ ሹፌሩ ቪትዟን አስነስቶ መጠበቅ ነበረበት። እሱ ግን ወርዶ ከፓርኪንግ ልጁ ጋር ይጨቃጨቃል። «ገና መቆሜ ነው፤ የምን የሙሉ ሰዓት ሒሳብ ነው?»

ይኼን ዓይነቱን ነው የዘረፋ ጥቁር ኮሜዲ የሚሉት፤ ጥቁር ኮሜዲ ማለት በሞትና በመከራ ሳይቀር የሚያስቅ ማለት ነው። ፖሊስ በአጋጣሚ አልፎ ቢይዛቸው ኖሮ፣ ዕድላቸው ነው ብለን እናልፍ ነበር። እዚህ ግን ያጠፋቸው የሹፌሩ ቋጣሪነት ነው። ድርሻው በሚሊዮን የሚቆጠር ሰውዬ ለአሥር ብር አልለቅም አለ! ለእኔ የዘውጉ ዋና ሚስጥር ይኼ ነው፤ ዕቅዱ ጥሩ መሆን አለበት፣ የሚያበላሸው የራሳቸው አመል ነው።

ኮስተር ያለው የዘረፋ ፊልም ቀድሞም ነበር። አለቃው ሰው ይመለምላል፣ ይዘርፋሉ፣ ከዚያ ገንዘቡ ያባላቸዋል። በፈረንጆቹ 1955 የወጣው የፈረንሳዩ «ሪፊፊ» የጌጣጌጥ መደብር ሲዘረፍ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያለ ንግግር፣ ያለ ሙዚቃ ያሳያል። እነዚያ ባለሙያዎች ናቸው።

በ1958 ጣሊያናዊው ማሪዮ ሞኒቼሊ «ኢ ሶሊቲ ኢኞቲ» በሚለው ፊልሙ አሾፈበት። የሮም ድሃ ሌቦች ከአንድ አፓርታማ ግድግዳ በስተው፣ ጎን ወዳለው፣ ዕቃ በመያዣነት ተቀብሎ ገንዘብ ወደሚያበድር ቤት ሊገቡ ያስባሉ። ለፍተው ለፍተው ግድግዳው ሲፈርስ የዚያው አፓርታማ ወጥ ቤት ሆኖ ይገኛል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ቁጭ ብለው ፓስታ በሽምብራ ይበላሉ።

ጥቁርነቱስ? እዚያው ፊልም ላይ ኮሲሞ የሚባል ሌባ አለ። ብቻውን ወደ መያዣ ቤቱ ይገባና ሽጉጥ ይደግናል። ሠራተኛው ምንም ሳይደነግጥ ሽጉጡን ይቀበለዋል። አገላብጦ ያየዋል። ከዚያ፣ ሊያሲዘው እንዳመጣው ዕቃ፣ ዋጋ ይነግረዋል! ትንሽ ቆይቶ ይኸው ኮሲሞ የሴት ቦርሳ ሲነጥቅ ትራም ገጭቶ ይገድለዋል። ስቀን ሳንጨርስ ሰውዬው የለም። በሳቁና በሞቱ መካከል ማስጠንቀቂያ የለም፤ ተዋናዮቹም እያስቁን መሆኑን የሚያውቁ አይመስሉም። ፊቱን እያጣመመ የሚያስቀን ሌባ እዚህ አይሠራም።

እንግሊዞቹ ደግሞ በ1955 «ዘ ሌዲኪለርስ»ን ሠሩ። አምስት ዘራፊዎች ሙዚቀኛ ነን ብለው የአንዲት ባልቴት ቤት ይከራያሉ። ዘረፋው ይሳካል። ከዚያ ሴትየዋን ማን ይግደል በሚል እርስ በርስ ይጨራረሳሉ። ገንዘቡ ቤቷ ይቀራል። እሷም ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ሁሉንም አንድ በአንድ ትናገራለች። አያምኗትም፤ እርስዎ ጋ ይቀመጥ ብለው ይሸኟታል።