የወርቅ ናኖክላስተር፦ በአልቡሚን የሚዘጋጀው ቀይ አብሪ ቁስ

የወርቅ ናኖክላስተር ከጥቂት እስከ መቶ ገደማ የወርቅ አተሞች ተሰባስበው የሚፈጥሩት፣ ስፋቱ ከ2 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) የማይበልጥ ቅንጣት ነው። እዚህ መጠን ላይ ሲደርስ የኤሌክትሮኖቹ የኃይል ደረጃዎች ስለሚነጣጠሉ የብረትነት ጠባዩን ትቶ እንደ ሞለኪውል ያበራል። ተራ ወርቅም ብርሃን እንደሚሰጥ በ1969 እ.ኤ.አ. ታውቋል፤ ግን እጅግ ደካማ ነው።

በዘርፉ ብዙ ሰው የተከተለው በሲንጋፖር ጂያንፒንግ ሺዬ፣ ዩዋንጋንግ ዜንግና ጃኪ ዪንግ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት ዘዴ ነው። ቀላልነቱ ያስደንቃል። 10 ሚሊሞላር (ሞላር የመጠነ ትፍገት መለኪያ ነው) ክሎሮኦሪክ አሲድ፣ ማለትም ወርቁን የያዘው ጨው፣ 5 ሚሊ ሊትር ተለክቶ፣ በሚሊ ሊትር 50 ሚሊግራም የከብት ደም አልቡሚን (በደም ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን) በያዘ 5 ሚሊ ሊትር ውህድ ላይ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ እየተማሰለ ይጨመራል። ከ2 ደቂቃ በኋላ 1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 0.5 ሚሊ ሊትር ይገባና 12 ሰዓት በዚያው ሙቀት ይቆያል። ፈዛዛው ቢጫ ወደ ጥቁር ቡናማ ይሄዳል፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር 640 ናኖሜትር አካባቢ ደማቅ ቀይ ይሰጣል። ከሚቀበለው ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) 6 በመቶ ያህሉን መልሶ ያበራል።

ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ከተረሳ ሥራው አይሳካም፤ ለወርቁ አዮን ኤሌክትሮን ሰጥቶ ወደ ወርቅ አተም የሚለውጠው የፕሮቲኑ አሚኖ አሲድ ታይሮሲን ጉልበት የሚያገኘው ፒኤች (የአሲድነትና የቤዝነት መለኪያ) ከ10 በላይ ሲሆን ነው። ብርጭቆው አስቀድሞ በአኳ ሬጂያ (3 እጅ ሃይድሮክሎሪክ፣ 1 እጅ ናይትሪክ አሲድ) ታጥቦ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። የወርቁን ጨው በብረት ማንኪያ መዝገን አይገባም፤ ብረቱን ይበላል፣ ወርቁም እዚያው ይረጋል። ማማሰሉ ሲበዛ አልቡሚኑ አረፋ ያወጣል። ውህዱ ወይን ጠጅ መስሎ 520 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ከመጠጠ፣ የተሠራው ክላስተር ሳይሆን ትልቅ ቅንጣት ነው።

መዋቅሩ 25 አተም ነው የሚለው የመጀመሪያው አስተያየት ሰፊ ተቀባይነት አለው፤ ሆኖም ብርሃኑ ከፕሮቲኑ ጋር ከተያያዘ የወርቅ አዮን ይመነጫል የሚሉ አሉ።

ከአልቡሚን ይልቅ በግሉታታዮን (ከሦስት አሚኖ አሲዶች የተሠራ ትንሽ ሞለኪውል) የሚሠራው የ2012 እ.ኤ.አ. ዘዴ በ70 ዲግሪ 24 ሰዓት ይፈጃል፤ የብርሃን ምርቱ 15 በመቶ ይደርሳል። በወርቅ ፈንታ በመዳብ የሚሠራ ክላስተር ግን በአየር ቶሎ ይበላሻል።

ከወርቅ ክላስተር ዋነኛ ጥቅሞች አንዱ ሜርኩሪን በውሃ ውስጥ መፈለግ ነው፤ ሜርኩሪ አዮን ከወርቁ ጋር ተጣብቆ ብርሃኑን ያጠፋል። የመዳብ አዮንም ብርሃኑን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ብርሃን ቀንሷል ብሎ ብቻ ሜርኩሪ አለ ማለት አይቻልም።