«ኢንቲግሬሽን ዴሪቬቲቭን መገልበጥ ነው» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

የ12ኛ ክፍልና የፍሬሽማን ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ካልኩለስ ላይ በደረስን ቁጥር አንዱ ተነስቶ «ኢንቲግሬሽን እኮ ዴሪቬቲቭን መገልበጥ ነው፤ ፎርሙላውን ከሸመደድክ አለቀ» ይላል። ሰልችቶኛል። (ዴሪቬቲቭ ማለት አንድ ፋንክሽን በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚነግረን ነው፤ ኢንቲግራል ምን እንደሆነ ወደ ታች እንደርስበታለን።) እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ትንንሾቹን ላጽዳ።

«የብዜት ኢንቲግራል የኢንቲግራሎቹ ብዜት ነው።» አይደለም። የኤክስ ስኩዌር ኢንቲግራል ኤክስ ኪዩብ ሲካፈል ለ3 ነው። ኤክስ ሲባዛ በኤክስ ብላችሁ ለየብቻ ሠርታችሁ ብታባዙት ግን ኤክስ ፓወር 4 ሲካፈል ለ4 ይመጣል። ፓወሩ እንኳን አልገጠመም።

«ዲኖሚኔተር ላይ ኤክስ ካለ መልሱ ኤልኤን (ናቹራል ሎጋሪዝም) ነው።» «1 ሲካፈል ለኤክስ» ከሆነ፣ አዎ። ታች ያለው ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1 ከሆነ ግን መልሱ አርክታንጀንት ነው።

«ፕላስ ሲ (መልሱ መጨረሻ ላይ የሚደመረው ቋሚ ቁጥር) ለጌጥ ነው፤ ቢረሳም አንድ ነጥብ ነው የሚቀነሰው።» ሳይን ኤክስ ሲባዛ በኮሳይን ኤክስን ለሁለት ጓደኛሞች ስጧቸው። አንዱ ሳይን ስኩዌር ሲካፈል ለ2 ይላል። ሌላው ኔጌቲቭ ኮሳይን ስኩዌር ሲካፈል ለ2። ከዚያ ክርክር ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመልሶቻቸው ልዩነት ሁልጊዜ ግማሽ ነው፣ ግማሽ ደግሞ ቋሚ ቁጥር ነው። ሲ የተጻፈው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ የማስጠናው ልጅ፣ ጎበዝ የሚባል ልጅ፣ 1 ሲካፈል ለኤክስ ስኩዌርን ከኔጌቲቭ 1 እስከ 1 ኢንቲግሬት አደረገ። ፎርሙላው ኔጌቲቭ 1 ሲካፈል ለኤክስ ነው። ተካ፣ ቀነሰ፣ -2 አገኘ፣ በሳጥን ከበበው።

«ስኩዌር የሆነ ነገር ኔጌቲቭ ይሆናል?» አልኩት።

«አይሆንም።»

«ታዲያ ሁሉም ፖዘቲቭ የሆነ ነገር ተደምሮ እንዴት -2 መጣ?»

«ፎርሙላው ነዋ ያለው!»

ችግሩ ይሄ ነው። ኢንቲግራል ከሥሩ ድምር ነው። ቦታውን በቀጫጭን ቁራጮች ትከፋፍላለህ፣ የእያንዳንዱን ቁመት በስፋቱ ታባዛለህ፣ ትደምራለህ፣ ከዚያ ቁራጮቹን እያቀጠንክ ድምሩ ወዴት እንደሚሄድ ታያለህ። አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፓራቦላና በቀጥታ መስመር የታጠረ ቦታን ስፋት አግኝቷል። ውስጡ ከሚሠራው ሦስት ማዕዘን 4 ሦስተኛ እጥፍ ነው። የገለበጠው ዴሪቬቲቭ አልነበረም። ካልኩለስን የፈጠሩት ኒውተንና ላይብኒዝ የመጡት ከ1,800 ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ዴሪቬቲቭን መገልበጥ ለዚያ ድምር የተገኘ አቋራጭ ነው። ግሩም አቋራጭ ነው፣ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ፋንክሽኑ በተሰጠው ክልል ውስጥ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት። የልጁ ፋንክሽን ዜሮ ላይ ወደ ላይ ይፈነዳል። ዜሮ ላይ ለሁለት ከፍላችሁ ብትሠሩት እያንዳንዱ ግማሽ ወደ ኢንፊኒቲ ይሄዳል። መልሱ «ዳይቨርጅ ያደርጋል» (የተወሰነ ቁጥር ላይ አይደርስም) ነው እንጂ -2 አይደለም።

ደግሞ የሚገለበጥ ፎርሙላ ጭራሽ የሌለበትም ጊዜ አለ። ኢ ፓወር ኔጌቲቭ ኤክስ ስኩዌር በምናውቃቸው ፋንክሽኖች የሚጻፍ አንቲዴሪቬቲቭ (ዴሪቬቲቩ እሱኑ የሚሰጥ ፋንክሽን) የለውም። ይህን ለማረጋገጥ የሚያስችለውን ሐሳብ ፈረንሳዊው ሊዩቪል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አስቀምጦታል። ኢንቲግራሉ ግን አለ። ከኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ እስከ ፖዘቲቭ ኢንፊኒቲ ስኩዌር ሩት ኦፍ ፓይ ነው። የስታትስቲክስ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ያለው የዜድ ሠንጠረዥም (የኖርማል ዲስትሪቢውሽን ፕሮባቢሊቲ የሚነበብበት) የዚሁ ቤተሰብ ኢንቲግራል ነው፤ ፎርሙላ ስለሌለው በቁጥር ተሰልቶ በሠንጠረዥ ተቀመጠ። ፎርሙላ ሁሉ ነገር ቢሆን ያ ገጽ ባላስፈለገ።

«ኢንቲግራል ማለት ኤሪያ ነው» የሚለውም የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ሳይን ኤክስን ከ0 እስከ 2 ፓይ ኢንቲግሬት ብታደርጉ ዜሮ ነው። ኤሪያው ግን 4 ነው። ከኤክስ አክሲስ በታች ያለው በኔጌቲቭ ስለሚቆጠር ከላዩ ጋር ይጣፋል። ከመገናኛ ቦሌ ደርሶ ተመልሶ መገናኛ የቆመ ሚኒባስ ፍጥነቱን ከነአቅጣጫው ብትደምሩት ዜሮ ይመጣል። ነዳጁ ግን ነዷል። የተጓዘውን መንገድ ከፈለጋችሁ አብሶሉት ቫልዩ ውሰዱ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግራፉን በእጃችሁ ጫር አድርጉት። ዲኖሚኔተሩ ክልሉ ውስጥ ዜሮ ይሆናል? መልሱ ፖዘቲቭ መሆን አለበት ወይስ ኔጌቲቭ? በግምት ከስንት አይበልጥም? ከዚያ ሥሩ። ከፕላስ ሲ ጋር የሚመጣ መልስ ካገኛችሁ ዴሪቬቲቩን ውሰዱና መነሻው መምጣቱን እዩ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ምርጫ ያለው ፈተና ላይ ደግሞ «ያገኘሁት ከምርጫዎቹ ውስጥ አለ» ብላችሁ አትጽናኑ። ፈተና የሚያወጣው ሰው ተማሪ የት እንደሚሳሳት ያውቃል፤ -2ን ከምርጫዎቹ አንዱ የሚያደርገው ራሱ ነው።